ባለ 24 ፓውንድ ተገጣጣሚ ቀስት፦ ለጀማሪ ቀስተኛ፣ በድሬዳዋ ሙቀት

ሦስት ቦታ የሚፈታው፣ የእንጨት እጀታና ሁለት ተነቃይ ክንፎች (ከእጀታው በላይና በታች ያሉት፣ ሲሳብ የሚጎብጡት ክፍሎች) ያሉት፣ ርዝመቱ 62 ኢንች የሆነው ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙ) ቀስት ለጀማሪ ቀስተኞች በብዛት ከሚመከሩት አንዱ ነው። በውጭ ገበያ ዋጋው እንደ አምራቹ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ በርካታ አምራቾች ከሞላ ጎደል በአንድ ዓይነት ንድፍ ይሠሩታል። በመሆኑም ከዚህ በታች የማቀርበው ግምገማ አንድን የንግድ ስም ለማወደስ ወይም ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ድሬዳዋ ላይ በግቢዬ የምለማመድበትን የዚህን ዓይነት ቀስት ጠባይ ለማሳየት ነው። የእኔው ባለ 24 ፓውንድ ነው (ይህ ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል እንጂ የዕቃው ክብደት አይደለም)፤ ፍላጻዎች፣ የክንድ መከላከያና የጣት መከላከያ ተጨምረውበት በአንድ ጥቅል የተሸጠ ሲሆን ከውጭ የመጣው በዘመድ እጅ ነው። ልመልሰው የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ዕቃ ጀማሪን አነጣጥሮ መምታት ያስተምረዋል ወይ? ቀስቱ በሚገባ ያስተምራል። አብረውት በጥቅሉ ውስጥ የሚመጡት ነገሮች ግን አብዛኞቹ እንቅፋት ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ፍላጻዎቹ።

እጀታው የተለያዩ የእንጨት ዓይነቶች ተደራርበው ተጣብቀው የተሠራ ነው። ክንፎቹ መሃላቸው ሜፕል የተባለው እንጨት ሲሆን በሁለቱም ገጽ ፋይበርግላስ ለብሰዋል። እያንዳንዱ ክንፍ በአንድ ትልቅ ብሎን እጀታው ላይ ይታሰራል፤ ለማጥበቅ የእጅ ጣት ይበቃል እንጂ መፍቻ አያስፈልግም። ተፈትቶ ሲቀመጥ ከተማሪ ቦርሳ ብዙም የማይበልጥ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ባጃጅ ውስጥ ይዞ ለመሄድም ሆነ ቤት ውስጥ ከልጆች ዐይን ርቆ ለማስቀመጥ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። እጀታው ላይ ማነጣጠሪያና ማረጋጊያ ዘንግ የሚገጠምባቸው የነሐስ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አስቀድመው ስለተበጁለት፣ ገዢው ችሎታው እያደገ ሲሄድ አዲስ ቀስት ሳይገዛ ተጨማሪ ዕቃ ማከል ይችላል። የዚህ ንድፍ ዋና ብልሃት ግን ክንፎቹ መቀየራቸው ነው፤ እጀታው ሳይለወጥ ከባድ ክንፍ ብቻ በመግዛት የቀስቱን ኃይል ማሳደግ ይቻላል።

የክብደት ጉዳይ ብዙ ጀማሪዎች ገንዘባቸውን የሚያባክኑበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው። ክንፉ ላይ የተጻፈው 24 ፓውንድ አውታሩ እስከ 28 ኢንች ሲሳብ ጣት ላይ የሚያርፈው ጫና ነው። ሁሉም ሰው ግን 28 ኢንች አይስብም። የአንድ ሰው የመሳቢያ ርዝመት በግምት የሚገኘው ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ያለውን በኢንች ለክቶ ለ2.5 በማካፈል ነው። የእጆቹ ዝርጋታ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 67 ኢንች የሆነ ሰው 27 ኢንች ገደማ ይስባል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ኢንች በጎደለ ቁጥር ከኃይሉ ሁለት ፓውንድ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ይህ ሰው በእውነቱ የሚይዘው 22 ፓውንድ አካባቢ ነው። ይህን የሰማ ጉልበተኛ ወጣት ወዲያውኑ 40 ፓውንድ ይሻለኛል ማለቱ አይቀርም። ሆኖም ቀስት መሳብና ከባድ ዕቃ ማንሳት አንድ አይደሉም። ቀስተኛው አውታሩን ስቦ፣ እጁን አገጩ ሥር አሳርፎ፣ ሳይንቀጠቀጥ ለጥቂት ሰከንዶች መቆየት አለበት፤ ይህን ደግሞ የሚሸከሙት በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ያሉት፣ በዕለት ተዕለት ሥራ እምብዛም የማንጠቀምባቸው የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። በኦሊምፒክ የሚወዳደሩ ወንዶች 45 ፓውንድና ከዚያ በላይ ቢስቡም እዚያ የደረሱት በዓመታት ልምምድ ነው። ቀስቱ ከከበደ ጀማሪው ለማነጣጠር ሳይሆን ከሸክሙ ለመገላገል ይለቃል፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ወገቡ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ይህም ከሰውነቱ ጋር ይዋሃድና በኋላ ለማረም እጅግ ያስቸግራል። ለአዋቂ ጀማሪ ከ20 እስከ 26 ፓውንድ ያለው ይበቃል፤ ባለ 24ቱን የመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ሲሆን በምርጫዬ ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ።

ትንሽ የምትመስል ስሕተት ምን ያህል እንደምታርቅ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ፍላጻው ሲለቀቅ በአንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ቢያዘነብል፣ 10 ሜትር ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ በቤት ውስጥ ውድድር ርቀት በ18 ሜትር ደግሞ 31 ሴንቲ ሜትር ይስታል። የ18 ሜትሩ ዒላማ ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ፣ መሃሉን ያለመ ሰው በዚህች አንድ ዲግሪ ከወረቀቱ ጨርሶ ይወጣል። በኦሊምፒክ ርቀት በ70 ሜትር አንድ ዲግሪ 122 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የዒላማው ሙሉ ስፋት ነው። የደቡብ ኮሪያ ሴቶች ከ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ በተደረጉት አሥር የቡድን ውድድሮች ሁሉ ወርቅ የወሰዱት 12.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያላትን የመሃል ክብ በአብዛኛው በዚያ ርቀት እየመቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው የክንድ ጉልበት ሳይሆን አንድን እንቅስቃሴ ሳይለዋውጡ ደጋግሞ መፈጸም ነው፤ ስለዚህ አንድን ቀስት ለጀማሪ ስንመዝን፣ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ድግግሞሽ ይመቻል ወይስ አይመችም ብለን ነው።

ወደ ፍላጻዎቹ ልለፍ። በጥቅሉ ውስጥ የመጡት የካርቦን ፍላጻዎች ሲታዩ ያምራሉ፤ ጎናቸው ላይ 500 የሚል ቁጥር ታትሞባቸዋል። ይህ ቁጥር የፍላጻውን ግትርነት የሚያመለክት ነው። በ28 ኢንች ልዩነት በሁለት ድጋፎች ላይ የተጋደመ ዘንግ መሃሉ ላይ 880 ግራም ያህል ክብደት ሲንጠለጠልበት በግማሽ ኢንች ከጎበጠ 500 ይባላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ግትር፣ በጨመረ መጠን ለስላሳ ይሆናል። ፍላጻ ከእንዲህ ዓይነቱ ቀስት ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በአውታሩ ግፊት ጎብጦ እጀታውን ተጠማዞ ያልፍና ከዚያ በኋላ ይቃናል። ለባለ 24 ፓውንድ ቀስት 500 ከመጠን በላይ ግትር በመሆኑ በበቂ ሁኔታ አይጎብጥም፤ እጀታውን እየገፋ ይወጣና በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ወደ ግራ ይሄዳል። ጀማሪው ይህን ሲያይ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፣ ሳያውቀውም ወደ ቀኝ ማነጣጠር ይለምዳል። ከዕቃው ጉድለት የተነሣ የተበላሸ ልማድ ይዞ ቀረ ማለት ነው። በጥቅል የሚሸጡትን ሁሉ የምነቅፍበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ፍላጻው ከቀስቱ ጋር መስማማቱን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ከፍላጻዎቹ ከአንዱ ላይ ላባውን ሙሉ በሙሉ አንሥቶ፣ ላባ ካላቸው ጋር 10 ሜትር ላይ በተራ መወርወር ነው። በቀኙ ለሚስብ ሰው ላባ የሌለው ከሌሎቹ በግራ ካረፈ ዘንጉ ግትር ነው፤ በቀኝ ካረፈ ለስላሳ ነው። የእኔዎቹ ያለ ምንም ጥርጥር በግራ አረፉ። ጫፋቸው ላይ ያለውን 100 ግሬን (6.5 ግራም ያህል) የሚመዝን ብረት አውጥቶ ከባዱን መግጠም ዘንጉን በመጠኑ ያለሰልሰዋል፤ ነገር ግን በ500 ፍላጻና በ24 ፓውንድ መካከል ያለው ክፍተት በዚህ ብቻ አይሞላም። ውሎ አድሮ መፍትሔው ቁጥራቸው ወደ 1000 የሚጠጋ ፍላጻዎች ማስመጣት ሆነ። ርዝመታቸው ከመሳቢያ ርዝመቴ በሁለት ኢንች እንዲበልጥ አድርጌያለሁ፤ ፍላጻ ሲያጥር ከማረፊያው ወደ ውስጥ ተስቦ ሊገባና እጅን ሊወጋ ስለሚችል ጀማሪ ሁልጊዜ ረዘም ያለውን መምረጥ አለበት። ለውጡ በመጀመሪያው ቀን ታየ፤ ወደ ግራ የሚሸሹት ፍላጻዎች ተሰብስበው መሃል አካባቢ መዋል ጀመሩ። ለቀስትና ለፍላጻ የመደበው ገንዘብ ውስን የሆነበት ሰው ከቀስቱ ይልቅ ለፍላጻው ይጨነቅ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስድስት እኩል ክብደትና እኩል ግትርነት ያላቸው ፍላጻዎች ከአሥራ ሁለት ከተደባለቁት ይበልጣሉ።

ካርቦንን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፍላጻው ግድግዳ ወይም ሌላ ፍላጻ ከመታ በኋላ በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ የተሰነጠቀው ደግሞ ሲለቀቅ ተሰብሮ ስንጣሪው እጅ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ሁለቱን ጫፎች ይዞ በቀስታ ማጉበጥ፣ ጆሮን ጠጋ አድርጎ የሚሰነጠቅ ድምፅ መኖር አለመኖሩን ማዳመጥ ያስፈልጋል። አንዲት ትንሽ "ጠቅ" የምትል ድምፅ ከተሰማች ያ ፍላጻ ይጣላል።

የድሬዳዋ አየር ለዚህ ዕቃ ከባድ ፈተና ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ በመሆኗ፣ በበጋ እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይግላል። የቀስቱ ክንፎች በሙጫ የተጣበቁ ንብርብሮች ስለሆኑ ሙቀት ንብርብሩን ሊያላቅቀው ወይም ክንፉን ሊያጣምመው ይችላል፤ እኔ ፈትቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የብሎኬት ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ ወለሉ አጠገብ ስለማስቀምጠው እስካሁን ክንፎቹ አልተነኩም። የተበላሸው ፍላጻው የሚያርፍበት ትንሹ የፕላስቲክ ማረፊያ ነው። ይህ ዕቃ በራሱ ሙጫ እጀታው ጎን ላይ የሚለጠፍ ሲሆን፣ ሙቀቱ ሙጫውን አልስልሶት ማረፊያው ቀስ እያለ ወደ ታች ተንሸራተተ። ማረፊያው በሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ሲወርድ ፍላጻው በሌላ ማዕዘን ስለሚወጣ፣ ምንም ሳላጠፋ ፍላጻዎቼ የሚያርፉበት ቦታ ይለዋወጥ ጀመር። እጀታውን በአልኮል አጽድቼ፣ በአዲስ ሙጫ ለጥፌ አንድ ሌሊት ካሳደርኩት ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። በእርሳስ ዙሪያውን ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ልምምድ ከመጀመሬ በፊት ምልክቱን አያለሁ። ሐረር ላይ ያለ ወዳጄ ተመሳሳይ ቀስት አለው፤ እዚያ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ማረፊያው ከመጀመሪያው ቀን እንዳለ ነው፤ ከሰዓት በኋላም ሳይቸገር ይለማመዳል። የደንገጎን ዳገት ወጥቼ እርሱ ዘንድ ስሄድ ይህን ልዩነት በግልጽ አየዋለሁ።

አቧራው ሌላው ጉዳይ ነው። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነፋስ የሚያነሣው ደቃቅ አቧራ አውታሩ ላይ ተጣብቆ ክሮቹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላቸዋል። አውታሩ ዳክሮን ከተባለው ክር የተሠራ ስለሆነ በየጊዜው ሰም መቀባት አለበት፤ ለዚህ የሚሆነው ንጹሕ የንብ ሰም ደግሞ በአገራችን የማይጠፋ ነው። አውታሩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ሰሙን ቀብቶ፣ በጣት እያሹ በማሞቅ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ማድረግ ነው። ፍላጻው የሚነክስበትና ጣት የሚያርፍበት መሃለኛው ጥቅል ክር ግን ሰም አያስፈልገውም።

የጣት መከላከያው ከቀጭን ሰው ሠራሽ ቆዳ የተቆረጠ፣ ሦስት ጣቶችን የሚሸፍን ቁራጭ ነበር። ጥቂት እንደተሠራበት ተሸበሸበ፤ ሽብሽቡም አውታሩን እየያዘ ከጣት ላይ እኩል እንዳይለቀቅ ያደርጋል። ከዚራ በተባለው ሰፈር ጥላ ሥር ለሚሠራ ጫማ ሰፊ ቅርጹን በወረቀት ቆርጬ ሰጠሁት። ቁራጩን ገልብጦ አየና "አቦ፣ ይሄ የጣት ጫማ ነው እንዴ?" አለኝ፤ ስገልጽለት ግን ከእኔ ይልቅ ገባው። ከበግ ሌጦ ለስላሳ ንብርብር፣ ከበሬ ቆዳ ደግሞ ለስላሳ ገጹ ወደ አውታሩ የሚዞር ጠንካራ ንብርብር አድርጎ፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት መካከል ፍላጻው የሚቀመጥበትን ክፍተት ሰፋ አድርጎ ቆረጠልኝ። ክፍተቱ መስፋቱ ጣቶቹ ፍላጻውን ቆንጥጠው ከማረፊያው እንዳያወርዱት ረዳ። በጥቅሉ ከመጣው ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም።

ጥቅሉ ውስጥ መኖር ሲገባው የሌለ ነገርም አለ፤ አውታር መግጠሚያ ገመድ። ሁለቱን የክንፍ ጫፎች የሚይዙ ኪሶች ያሉት፣ በእግር ተረግጦ ቀስቱን በእኩል የሚያጎብጥ ተራ ገመድ ነው። ያለ እርሱ ቀስቱን በእግር መካከል አስገብቶ በጉልበት ማጉበጥ ክንፉን ይጠመዝዘዋል፤ አንዴ የተጠመዘዘ ክንፍ ደግሞ ትክክለኛ ፍላጻ አይልክም። አውታሩ ከተገጠመ በኋላ ከእጀታው ያለው ርቀት ለ62 ኢንች ቀስት ከ7.5 እስከ 8.25 ኢንች መሆን አለበት፤ ርቀቱ ካነሰ አውታሩን ፈትቶ ጥቂት ዙር በመጠምዘዝ ይስተካከላል። ፍላጻ ሳይደረግበት ቀስትን ስቦ መልቀቅ ክንፉን ሊሰብር እንደሚችል ልጆችና እንግዶች ባሉበት ቤት ሁሉም ሊያውቀው ይገባል።

ለዒላማ የተሠራ ፎም ማስመጣት ውድ ነው፤ አያስፈልግምም። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከሰልባጅ ነጋዴዎች የማይሸጥ ቁርጥራጭ ልብስ በርካሽ ይገኛል። ሁለት ማዳበሪያ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብቶ፣ ዚፕና ቁልፍ ያለባቸውን ልብሶች እየለዩ በማውጣት፣ በእግር እየረገጡ እስኪጠነክር ድረስ መሙላትና አፉን በመርፌ መስፋት ነው። ብረት ነገር ውስጥ ከቀረ ፍላጻውን ይሰብራል። ባለ 24 ፓውንዱ ቀስት በ5 ሜትር ርቀት ሲለቀቅ ፍላጻው ከሲሶው የማይበልጥ ይገባል፤ በሁለት ጣት ይነቀላል። ማዳበሪያው የሚቆመው ከድንጋይ ግንብ ፊት ለፊት ነው፤ ግንቡ ከዒላማው በስተ ኋላም በግራና ቀኝም ሰፊ መሆን አለበት፤ ከጀርባው በር፣ መንገድ ወይም የጎረቤት ግቢ ካለ ግን ቦታው ለቀስት አይሆንም። አንድም ሰው ከዒላማው በኩል ቆሞ ሳለ ቀስቱ ላይ ፍላጻ አይቀመጥም።

ቀስቱ መምህር መሆኑ የሚታየው በልምምዱ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማዳበሪያው ላይ ክብም ሆነ ነጥብ አይለጠፍም፤ ርቀቱም ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው። ይህን ስል ብዙዎች ቅር ይላቸዋል፤ ቀስት የገዛ ሰው ወዲያውኑ መሃሉን መምታት ይፈልጋልና። ነገር ግን ክብ ፊቱ ካለ የጀማሪው ሐሳብ ሁሉ ወደ ክቡ ይሄዳል፤ እጁ የት እንዳረፈ፣ ትከሻው የት እንደሆነ፣ ጣቱ እንዴት እንደለቀቀ አያውቅም። ባዶ ማዳበሪያ ፊት ሲቆም የሚያስበው ስለ ሰውነቱ ብቻ ነው። አውታሩን ስቦ፣ የሌባ ጣቱን ጎን ከአገጭ አጥንቱ ሥር አሳርፎ፣ አውታሩ የአፍንጫውን ጫፍና አገጩን መሃል ለመሃል መንካቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ ይለቃል። በዚህ ርቀት ማዳበሪያውን መሳት ስለማይቻል መጨፈኑ አደጋ የለውም፤ ሰው ግን አጠገብ መኖር የለበትም። ዐይን ሲጨፈን ጀርባው ሲጠብቅ፣ እጅ ሲንሸራተት፣ አውራ ጣት ሲጨብጥ ሁሉም ይሰማል። ቀላል ክንፍ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ በ40 ፓውንድ ቀስት ዐይንን ጨፍኖ ሰውነትን ማዳመጥ አይቻልም፤ የሚሰማው ድካም ብቻ ነው።

ቀስቱን የያዘው እጅ ላይ ትኩረት ማድረግ ከፍተኛ ውጤት ያመጣል። እጀታው የሚያርፈው በአውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ ላይ ሲሆን ሌሎቹ ጣቶች ልቅ ይሆናሉ፤ የጉልበት መጨበጥ ቀስቱን በሚለቀቅበት ቅጽበት ያዞረዋል። የዚህ ቀስት እጀታ አንገቱ ወፈር ያለ ነው፤ ትንሽ እጅ ያላት እኅቴ ስትይዘው ሳትወድ ትጨብጠዋለች። ይህን ጉድለት እቆጥርበታለሁ። ቀስቱ እንዳይወድቅ የጫማ ማሰሪያ ቁራጭ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል በማሰር እጁን ልቅ ማድረግ ይቻላል፤ እኅቴም ይህን ካደረገች ወዲህ ወደ ጎን የሚበተኑት ፍላጻዎቿ ቀነሱ።

አለቃቀቅን በተመለከተ ጣቶችን ለመክፈት መሞከር ትክክል አይደለም። መያዝን ማቆም ብቻ ነው፤ አውታሩ ራሱ ጣቶቹን ገፍቶ ይወጣል። ጀርባው መሳቡን ስላላቆመ ከተለቀቀ በኋላ እጅ አንገትን እየዳሰሰ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀስት የያዘው ክንድ ፍላጻው ዒላማውን እስኪመታ ድረስ አይወርድም። ብዙ ፍላጻዎች ዝቅ ብለው የሚያርፉት ሰው ውጤቱን ለማየት ቸኩሎ ክንዱን ስለሚያወርድ ነው።

ይህ ሥርዓት ሲይዝ ወደ 10 ሜትር ተሂዶ ክብ ይለጠፋል። አሁንም መለኪያው መሃሉን መምታት አይደለም፤ ፍላጻዎቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ስድስቱ ፍላጻዎች ከመሃሉ ርቀው በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ካረፉ ያ ሰው በደንብ እየወረወረ ነው፤ የቀረው ማነጣጠሪያውን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ማነጣጠሪያ የሚንቀሳቀሰው ፍላጻው ወደሄደበት አቅጣጫ ነው፤ ፍላጻዎቹ ዝቅ ካሉ ማነጣጠሪያው ዝቅ ይላል፣ በግራ ካሉ ወደ ግራ ይሄዳል። ስድስቱ ግን ተበታትነው አንዱ መሃሉን ቢመታ ያ ዕድል ነው። ከላይ ወደ ታች የተበተኑ ፍላጻዎች አብዛኛውን ጊዜ የመሳቢያው ርዝመት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደተለዋወጠ፣ ወይም እጁ አገጭ ሥር የሚያርፍበት ቦታ እንዳልጸና ያሳያሉ። ከግራ ወደ ቀኝ የተበተኑት እጀታው ላይ ያለውን እጅ ወይም አውታሩን ከፊት አርቆ መልቀቅን ያመለክታሉ። አንድ ፍላጻ ብቻ ዘወትር የሚለይ ከሆነ ደግሞ ቁጥር ጽፎበት መከታተል ነው፤ ጥፋቱ የላባው ወይም የዘንጉ ሊሆን ይችላል።

ልምምዱ ረጅም መሆን የለበትም። በሳምንት አንድ ቀን መቶ ሃምሳ ፍላጻ ከመወርወር በሳምንት አራት ቀን ሠላሳ ወይም አርባ መወርወር ይሻላል፤ የሰውነት ልማድ የሚጸናው በተደጋጋሚ አጭር ሥራ ነው። ድሬዳዋ ላይ ምርጡ ሰዓት ከንጋት እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ነው፤ ነፋስም ሙቀትም የለም። ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በሚያርፍበት ሰዓት ላብ ጣትን ያንሸራትታልና ቀስቱን አለማንሣት ይሻላል። በእያንዳንዱ ልምምድ አንድ ነገር ብቻ ይመረጣል፤ ዛሬ የአገጭ ማረፊያ ከሆነ ዛሬ ስለ ጣት አይታሰብም። በደብተር ላይ ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የተመረጠውን ነገርና ፍላጻዎቹ የተሰበሰቡበትን ቅርጽ በትንሽ ሥዕል መያዝ፣ ከአንድ ወር በኋላ ሰው በስሜቱ ከሚያስበው የተለየ እውነት ያሳያል። ክንዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልምምዱ ያበቃል፤ ከድካም በኋላ የሚወረወር ፍላጻ ሁሉ ስሕተት ያስተምራል። ቀስት በማይነካበት ቀን ከብስክሌት ጠጋኝ የሚገኝ የከመነዳሪ ቁራጭ አስሮ የአሳሳቡን እንቅስቃሴ ከመስታወት ፊት መድገም ጀርባን ያጠነክራል።

ክቡ ሲለጠፍ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። ቀስተኛው ማነጣጠሪያው ክቡን ገና ሳይነካ እጁ ሳያስበው ይለቃል፤ ወይም ክቡ ላይ ማሳረፍ አቅቶት ከታች ይቀራል። ይህ ብርቱዎቹንም የሚያጠቃ የአእምሮ ልማድ ነው። ማረሚያው ወደ ባዶው ማዳበሪያ መመለስ፣ ከዚያም ክቡ ተለጥፎ ቀስቱን ስቦ ማነጣጠርና ሳይለቁ በቀስታ መልሶ ማውረድ ነው። ባለ 24 ፓውንዱ ቀስት ይህን ያለ ሥቃይ ያስችላል፤ ለብዙዎች ቀላል መስሎ የሚናቀው ክብደት የሚያስገኘው ሌላው ጥቅም ይኸው ነው።

ለማን ይሆናል? ቁመታቸው መካከለኛ ለሆነ አዋቂዎችና ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑ ወጣቶች ይሆናል። ከ29 ኢንች በላይ ለሚስብ ረጅም ሰው 62 ኢንች አጭር ነው፤ አውታሩ በጣቶች ላይ በሹል ማዕዘን ስለሚታጠፍ ይቆነጥጣል፤ እንዲህ ያለው ሰው 66 ወይም 68 ኢንች ይፈልግ። ከመግዛቱ በፊት የትኛው ዐይኑ እንደሚያይል ማወቅ አለበት፦ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርቶ የራቀ ነገር ይመልከት፤ አንዱን ዐይን ሲጨፍን ነገሩ ከቀዳዳው ካልጠፋ ክፍት የቀረው ዐይን የሚያይለው ነው። ቀኝ ዐይኑ ለሚያይል በቀኝ እጅ የሚሳበው፣ ግራ ለሚያይል በግራ እጅ የሚሳበው ይገዛለታል። ያገለገለ ቀስት የሚገዛ ሰው አውታሩን ገጥሞ ከጫፍ ወደ ጫፍ ይመልከት፤ አውታሩ በሁለቱም ክንፎች መሃል ለመሃል ካላለፈ ክንፉ ተጣሟል። ጥፍሩንም በፋይበርግላሱ ላይ ያሂድ፤ ስንጥቅ ወይም የተነሣ ንብርብር ካገኘ አይግዛ።

እኔ ቀጥሎ የምገዛው ለዚሁ እጀታ ባለ 28 ፓውንድ ክንፍ ነው። የምገዛውም 18 ሜትር ላይ ስድስቱም ፍላጻዎች በ40 ሴንቲ ሜትሩ ወረቀት ላይ በተከታታይ ልምምዶች ያለ ማቋረጥ ሲያርፉና በመጨረሻው ዙር ክንዴ እንደ መጀመሪያው ዙር ጸንቶ ሲቆም ነው። ክንፉ ሲከብድ የፍላጻው ግትርነትም አብሮ መለወጥ ስላለበት፣ ከክንፉ ጋር ቁጥራቸው ወደ 800 ዝቅ ያሉ ስድስት ፍላጻዎችን አብሬ አስመጣለሁ።